ርእሰ አንቀጽ፦ ኩንታሉ የት ገባ?

በየዓመቱ የምሕንድስና ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በመምህራን ፊት ሲቀርቡ በብዙዎቹ ጥራዝ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥዕል ይታያል። ግድብ ይሁን ድልድይ፥ ፎቅ ይሁን የማሽን አካል፥ ሥዕሉ በቀይ፥ በብጫና በሰማያዊ የተዥጎረጎረ ነው። ፈታኙ "ይህ ቀዩ ምንድር ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪው "ከፍተኛ ስትሬስ ያለበት ቦታ ነው" ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ያ ቀይ ቀለም ከየትኛው ቁጥር እንደ መጣ፥ ቁጥሩስ ከተሰላበት ነጥብ ተነሥቶ እስከ ተሣለበት ነጥብ ድረስ በምን መንገድ እንደ ተጓዘ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኛ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ይህን ጉዞ ነው። ስሙ ፕሮጀክሽን ይባላል።

ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው የስሌት ዘዴ ለምሕንድስና ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ለሕግና ለሥነ ጽሑፍ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ባጭሩ መግለጽ ይገባናል። አንድን ግድብ ወይም ፎቅ እንዳለ አስልቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ አካሉ በሐሳብ ወደ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠባይ በቀላል ሒሳብ ይጻፋል፤ ከዚያም ቁራጮቹ በሚጋጠሙባቸው ነጥቦች ላይ ሁሉም ተደምረው አንድ ትልቅ የቁጥር ሰንጠረዥ፥ ማለት ማትሪክስ፥ ይወጣል። ለዘዴው ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1960 የሰጡት በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሬይ ክላፍ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክላፍና ተማሪያቸው ኤድዋርድ ዊልሰን ዘዴውን በአርካንሳስ ግዛት በሚገኘው፥ በግንባታው ጊዜ አካሉ ተሰንጥቆ በነበረው በኖርፎርክ ግድብ ላይ አዋሉት። ፕሮግራሙን የጻፈው ተማሪው ዊልሰን ነበር። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

የአካሉ እውነተኛ ቅርጽ ወሰን የሌለው ዝርዝር አለው፤ ኮምፒዩተር ግን የሚይዘው የተወሰኑ ቁጥሮችን ብቻ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ የሚሰጠን መልስ እውነቱ ራሱ ሳይሆን እኛ በነጠፍነው ወለል ላይ እውነቱ የጣለው ጥላ ነው። ወለሉ ሰፊና ለስላሳ ሲሆን ጥላው ባለቤቱን ይመስላል፤ ወለሉ ጎርበጥባጣ ሲሆን ጥላውም ይጣመማል። ሩሲያዊው ጋለርኪን እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳተመው ዘዴ የዚህ አጣጣል መሠረት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሴአ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የዚህ ጥላ ስሕተት በዚያው ወለል ላይ ሊገኝ ከሚችለው ከሁሉ የተሻለ መልስ ስሕተት ጋር በአንድ ቋሚ ቁጥር የታሰረ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ፕሮጀክሽን በፋይናይት ኤለመንት ላይ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ ዘዴው ራሱ ከሥሩ ፕሮጀክሽን ነው።

ነገሩን በቤት ምሳሌ እናስረዳ። ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቢም አለ እንበል። በመጀመሪያው 1 ሜትር ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ፥ ማለት 100 ኪሎ፥ እኩል ተነጥፏል፤ ሁለተኛው ሜትር ባዶ ነው። ቢሙን በሁለት ቁራጭ ከፍለን ሦስት ነጥቦች እንይዛለን፤ የግራ ጫፍ፥ መካከል፥ የቀኝ ጫፍ። ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው በሦስቱ ነጥቦች ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ቀጥተኛ መስመር ይስባል። ጭነቱን ለፕሮግራሙ እንዴት አድርገን እንንገረው?

ቀላሉ መንገድ ኢንተርፖሌሽን ነው፤ በየነጥቡ ቆሞ ያለውን ማንበብ። በግራ ጫፍ በሜትር 100 ይነበባል፤ በቀኝ ጫፍ 0። በመካከለኛው ነጥብ ላይስ? ጤፉ እዚያው ላይ ያበቃልና ወደ ግራ ያየ 100፥ ወደ ቀኝ ያየ 0 ያነባል። 100 ነው ካልን በቀጥተኛው መስመር ሥር ያለው ጠቅላላ ክብደት 150 ኪሎ ይሆናል። 0 ነው ካልን 50 ኪሎ ይሆናል። አንዱ ኩንታል በአንድ በኩል ግማሽ ኩንታል ወለደ፥ በሌላ በኩል ግማሹ ተበላ ማለት ነው። በእህል በረንዳ እንዲህ ያለ ሚዛን የያዘ ነጋዴ ቢገኝ ሳይደበደብ አይመሽለትም ነበር፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ማንም አያየውም።

ሁለተኛው መንገድ ራሱ ፕሮጀክሽኑ ነው። እዚህ በየነጥቡ ቆሞ ማንበብ የለም። ጥያቄው "በሦስት ቁጥሮች ሊጻፉ ከሚችሉት ቅርጾች ሁሉ ለእውነተኛው ጭነት በጠቅላላው የሚቀርበው የትኛው ነው?" የሚል ነው። በየቦታው ያለው ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ይደመራል፤ ድምሩም ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚህ የማስ ማትሪክስ የሚባለው ሰንጠረዥ ይወጣል፤ ለእኛ ቢም ሦስት በሦስት ነው። (የማትሪክስ ቅንፍ በዚህች ወረቀት ላይ ሲባዛ የጨረቃ ቁራጭ እየመሰለ ስላስቸገረን በቃል እንጽፈዋለን።) የግራው ቁጥር እጥፍ ሲደመር መካከለኛው 300 ነው። ግራው፥ የመካከለኛው አራት እጥፍና ቀኙ ሲደመሩ 300 ናቸው። መካከለኛው ሲደመር የቀኙ እጥፍ 0 ነው። ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይፈታዋል፤ ግራው 125፥ መካከለኛው 50፥ ቀኙ ከዜሮ በታች 25።

ጠቅላላ ክብደቱን ስናሰላ 100 ኪሎ ይወጣል። ከግራ ጫፍ የተለካው ሞመንትም እንደ እውነተኛው ጭነት 50 ኪሎ በሜትር ነው። ኩንታሉ ሳይጎድል ደርሷል። ነገር ግን የቀኙን ጫፍ ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ማለት ባዶው ጫፍ ላይ የሌለ ጤፍ ቢሙን ወደ ላይ ይስባል። በግራ ጫፍም ጭነቱ ከ100 አልፎ 125 ሆኗል። ይህን ያየ ሰው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ይል ይሆናል። አልተበላሸም፤ የጠየቅነውን ነው የመለሰልን። ስለ ክብደትና ስለ ሞመንት ጠየቅነው እንጂ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ አላስጠነቀቅነውም።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ፕሮግራም ጻፊዎች ለፍጥነቱ ይወዱታል። የማስ ማትሪክሱን የእያንዳንዱን ረድፍ ቁጥሮች ደምሮ ዲያጎናሉ ላይ መከመር ነው፤ ላምፒንግ ይሉታል። ያን ጊዜ እኩልታ መፍታት እንኳ አያስፈልግም፤ ማካፈል ብቻ ይበቃል። መልሱ 100፥ 50፥ 0 ይሆናል። ክብደቱ 100 ኪሎ ነው፤ ከዜሮ በታች የወረደ የለም፤ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ሞመንቱን ስንለካ ግን 50 መሆን የሚገባው 67 ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ኩንታሉ ክብደቱን ሳይለውጥ ከቦታው ተንሸራቷል፤ የጭነቱ መካከል ከግራ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረው ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ሄዷል።

እንግዲህ ሦስቱም መንገዶች አንዳች ነገር ያስከፍላሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ ምክንያቱም ለግድብ የሚያሰጋው ለሙቀት ስሌት ላያሰጋ ይችላል። ፕሮግራሙ ግን መሐንዲሱን ሳይጠይቅ ከሦስቱ አንዱን መርጦ፥ ቀለም ቀብቶ ያቀርብለታል። የእኛ ቅሬታ ይህ ነው።

ይህ የሦስት ነጥብ ጨዋታ ነው፥ በእውነተኛ ሥራ ላይ ቁራጮቹ ብዙ ስለሆኑ ስሕተቱ ይጠፋል የሚል ሰው ቢኖር በኖርዌይ የደረሰውን እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 በስታቫንገር ከተማ አጠገብ፥ ጋንድስፊዮርድ በተባለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ፥ ስላይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅና የጋዝ መድረክ የኮንክሪት መሠረት በውኃ እየተሞላ ሲፈተን ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። 24 ጉድጓዶች ያሉት፥ ጥልቀቱ 82 ሜትር በሆነ ባሕር ላይ እንዲቆም የተሠራ ግዙፍ አካል ነበር። ከባሕሩ ወለል ጋር ሲጋጭ የተነሣው ንዝረት በሬክተር መለኪያ 3 ደርሷል። ጠቅላላው ኪሣራ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

በምርመራው የተገኘው ምክንያት በፊታችን ያለው ነገር ነው። ስሌቱ የተሠራው ናስትራን በተባለው ስመ ጥር የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም ነበር። ጉድጓዶቹ በሚጋጠሙበት ሦስት ማዕዘን ቦታ ላይ ቁራጮቹ ጥቂትና የተጣመሙ ስለነበሩ፥ ከቁራጮቹ ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ጠርዝ የተወሰደው የሺር ቁጥር ከእውነተኛው በ47 በመቶ አነሰ። ግድግዳው በዚያው ልክ ሳሳ፤ በዚያ ቦታ የገባው ፌሮም አያያዙ የሚበቃ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ ስሌቱ በጥንቃቄ እንደገና ሲሠራ ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር ተናገረ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር። ዘዴው ደካማ አልነበረም ማለት ነው፤ በደንብ የጠየቀው ሰው ሲያገኝ 3 ሜትር ብቻ ተሳሳተ። የመጀመሪያው ስሌት ግን በቀለም ተሥሎ ሲታይ የሚያስነውር ነገር አልነበረውም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በግድብ ላይ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ በዝቷል፤ የሚያስመሰግን ነው። በግድብ ኮንክሪት ውስጥ ሲሚንቶው ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ ሲወጣ ኮንክሪቱ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሙቀት ስሌት፥ ቀጥሎ የስትሬስ ስሌት ይሠራል። ሁለቱ ስሌቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መረብ ላይ አይሠሩም፤ መረቦቹ ሲለያዩ ሙቀቱ ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው መጓዝ አለበት። ተጓዥ ባለበት ደግሞ ኩንታሉ የት ገባ የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ሁለተኛው የፕሮጀክሽን ዓይነት ማትሪክሱን ራሱን ማሳነስ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአፋር ክልልና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው ከፎቅ ወርዷል። አንድ ሕንፃ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ስሌቱ በሺሕ በሚቆጠሩ የጊዜ እርምጃዎች መደጋገም አለበት። ያልታወቁት ቁጥሮች አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ ማትሪክሱ ሚሊዮን በሚሊዮን ነው፤ ሁሉንም ቁጥር ልጻፍ ያለ ሰው 8 ሺሕ ጊጋባይት ማስቀመጫ ያስፈልገዋል። ደግነቱ ከቁጥሮቹ አብዛኞቹ ዜሮ ናቸው። ባለ ስምንት ማዕዘን ጡብ መሰል ቁራጮች ቢሆኑ በአንድ ረድፍ ዜሮ ያልሆኑት ቢበዛ 81 ናቸው፤ ስለዚህ ዜሮውን ትቶ የቀረውን ብቻ የሚጽፍ ፕሮግራም በ1 ጊጋባይት ያህል ይጨርሳል። ይህም ቢሆን ሺሕ ጊዜ ለመደጋገም ይከብዳል። እዚህ ላይ ሕንፃው ሊወዛወዝ ከሚችልባቸው ቅርጾች ዋና ዋናዎቹን፥ 50 ያህሉን፥ መርጦ ማትሪክሱን በእነዚያ ላይ ጥላውን እንዲጥል ማድረግ ይቻላል። ሚሊዮን በሚሊዮን የነበረው 50 በ50 ይሆናል፤ 2500 ቁጥር ብቻ።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሮበርት ጋያን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተማት ጽሑፍ ከዚህች ጋዜጣ አንድ ገጽ አትበልጥም፤ ዛሬም ድረስ በየፕሮግራሙ ውስጥ በስሙ ትጠራለች። ክሬግና ባምፕተን እ.ኤ.አ. በ1968 አሰፉት። ሆኖም ይህም ዋጋ አለው። በዚህ መንገድ ያነሰ ሞዴል የመወዛወዝ ፍጥነቱ ከሙሉው ሞዴል አያንስም፤ ወይ ይተካከላል ወይ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ሕንፃው ከሆነው ይልቅ ግትር መስሎ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው 50ዎቹን ቅርጾች ያለ ጥንቃቄ ቢመርጥ በራሱ ስሌት ተሸንግሎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሐሳባችን እንምጣ። ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም ዛሬ ሞልቷል። የፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ድርጅት ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ የተለቀቀው ኮድ አስተር አለ፤ በውስጡ የመረብ ለመረብ ፕሮጀክሽን ለብቻው፥ የማትሪክስ ፕሮጀክሽን ለብቻው ትእዛዝ አላቸው። ዲል ቱ የሚባለው አለ፤ በእርሱም ኢንተርፖሌሽንና ፕሮጀክሽን ተለይተው ተቀምጠዋል። ፌኒክስ የሚባለው ደግሞ በቀድሞው እትሙ የነበረውን ባለ አንድ መስመር የፕሮጀክሽን ትእዛዝ በአዲሱ እትሙ ትቶታል፤ ተጠቃሚው እኩልታውን ራሱ እንዲጽፍ ይገደዳል። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን ጥሩ አስተማሪ ነው።

በእነዚህ ኮዶች ላይ አንድ ትንሽ የፕሮጀክሽን ክፍል መጨመር ምን ይጠይቃል? ሒሳቡ ሁለት ገጽ ነው። ሥራው ያለው ከሒሳቡ ውጭ ነው። አዲሱ መረብ ላይ ያለ አንድ ነጥብ በአሮጌው መረብ ውስጥ በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደሚያርፍ መፈለግ አለበት፤ ለሚሊዮን ነጥብ ሚሊዮን ቁራጭ አንድ በአንድ መፈተሽ ዕድሜ አይበቃውም፤ ስለዚህ የፍለጋ ዛፍ መሥራት ያሻል። የግድቡ ፊት ጠማማ ከሆነ የሁለቱ መረቦች ጠርዝ አይገጥምም፤ ጥቂት ነጥቦች ከአሮጌው መረብ ውጭ ይወድቃሉ። እነዚህን ምን እናድርጋቸው? ዜሮ እንስጣቸው ወይስ የቅርቡን እናልብሳቸው ወይስ ፕሮግራሙ ጮኾ ይቁም? እኛ መጮኹን እንመርጣለን። ማትሪክስ ሲታነስም የማባዛቱ ቅደም ተከተል አለ፤ ትልቁ ማትሪክስ መጀመሪያ በ50ዎቹ ዓምዶች ይባዛል፤ ውጤቱ ከዚያ በኋላ ይጠበባል። 50ዎቹ ዓምዶች ብቻቸውን 400 ሜጋባይት ይይዛሉና ይህም በመላ ካልተሠራ ላፕቶፑ ይንቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ፈተናው ነው። ቋሚ ቁጥር ገብቶ ቋሚ ቁጥር ይወጣል ወይ? ጥላው ሁለተኛ ጊዜ ጥላ ቢጥል ያው ራሱ ይሆናል ወይ? ጠቅላላ ክብደቱ ይጠበቃል ወይ? የግራና የቀኝ ሚዛን የነበረው ማትሪክስ ከታነሰ በኋላም ሚዛኑን ይይዛል ወይ? ቁራጮቹ በግማሽ ሲያንሱ ስሕተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ወይ? ይህን አምስት ጥያቄ ጽፎ፥ በኮድ ፈትኖ፥ ያልተሳካውን አስተካክሎ የጨረሰ ተማሪ ስለ ፋይናይት ኤለመንት የሚያውቀው መቶ ባለ ቀለም ሥዕል ካተመው ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የተከበሩ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ለክፍት ኮድ የተጻፈ፥ ፈተናው የተያያዘ፥ ማብራሪያው በሚገባ የተዘጋጀ የፕሮጀክሽን ክፍል እንደ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ይቆጠርልን። እስካሁን ድረስ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረቡ ተማሪዎች "ይህ መሣሪያ መሥራት ነው፤ አንተ ግን በመሣሪያው ግድብ እንድትሠራልን እንፈልጋለን" ተብለው ተመልሰዋል። ኤድዋርድ ዊልሰን ይህ መልስ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ የኖርፎርክ ግድብ ስንጥቅ በማን ፕሮግራም ይሰላ ነበር? ሁለተኛም፥ ሥራው ከምሕንድስናና ከሒሳብ ክፍል አንድ አንድ መምህር በጋራ እንዲመሩት ቢደረግ መልካም ነው። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ብቻ መለዋወጣቸው አያስደስትም።

መብራት ይጠፋል፥ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፥ ኮምፒዩተሮቹ አርጅተዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የኩንታሉ ምሳሌ በወረቀት የሚሠራ ነው፤ ሺሕ ቁራጭ ያለው ፈተናም በአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ሳያልቅ ይፈጸማል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው መጨረሻው ላይ ነው። እንዲያውም የውድ ፕሮግራም ፈቃድ መግዛት አቅቶን በተሰበረ ቁልፍ በጓሮ በር ከመግባት ኮዱ በግልጽ የተሰጠንን ይዘን በፊት ለፊት በር መግባት ለስማችንም ይበጃል።

ማኅበሩ በበኩሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ጠረጴዛ ያዘጋጃል። ለመምጣት የምትፈልጉ ይህን ሠርታችሁ ኑ፤ ቢሙ 3 ሜትር ነው፤ ቁራጮቹ ሦስት፥ ነጥቦቹ አራት ናቸው፤ ኩንታሉ የተነጠፈው በመካከለኛው ሜትር ላይ ነው። በሦስቱም መንገድ አስሉት፤ ከዜሮ በታች የወጣው ቁጥር የት የት ላይ እንደ ሆነ፥ በዚህኛው ቢም ላይ ላምፒንግ የጭነቱን መካከል ለምን እንዳላንሸራተተው አስረዱን።